ወፍጮ ቤት የገባው ኮምፒዩተር

በሾላ በር ከተማ አንድ ሰው ዕቃ ገዝቶ ሲቆጨው፣ አጠገቡ ያለው ሰው አንዲት አጭር አባባል ጣል ያደርግበታል። አባባሏን ልጅ አዋቂው ያውቃታል። አንዳንዱ ከቅድመ አያት የወረደች ትመስለዋለች፤ አንዳንዱ ደግሞ ከመጽሐፍ ነው የተገኘችው ብሎ ይከራከራል። ሁለቱም ተሳስተዋል። የተነገረችው በቅርቡ ነው፤ ከፍርድ ቤቱ አጥር እስከ ወፍጮ ቤቱ በሚወስደው አቧራማ መንገድ ላይ፣ አንድ ሐሙስ ቀን፣ ከምሳ በኋላ። ዛሬ «እዚያው ነበርኩ» የሚለው ሰው ብዛት ከከተማዋ ሕዝብ ይበልጣል። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ።

ጋሽ አየልኝ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበር። ከወረዳው ፍርድ ቤት አጥር ሥር አራት እንጨት ተክሎ፣ ሸራ ወጥሮ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የጽሕፈት መኪናውን ሲቀጠቅጥ ኖሯል። ወሰን ሲገፋ፣ በሬ ሲጠፋ፣ ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እሱ ነው። ቃል ያውቃል። «ለክቡር ፍርድ ቤቱ» ብሎ ከጀመረ ተከሳሹ ራሱ ሲነበብለት ሆዱ ይባባል ይባልለት ነበር።

በሰው ጉዳይ እንዲህ የሰላ ሰው፣ በራሱ ጉዳይ ግን ሳያማክር አንዲት እርምጃ አይራመድም። ጫማ ሊገዛ ሲነሣ ሦስት ሰው ይጠይቃል፤ ሦስቱ ሦስት ነገር ከነገሩት አራተኛ ይጨምራል። አንድ ጊዜ ለፋሲካ በግ ሊገዛ ወጥቶ፣ ያገኘው ሁሉ ስለ በግ ጥርስና ላት ሲያስተምረው ውሎ፣ ገበያው ሲበተን አንዲት ዶሮ ታቅፎ ገባ። ሚስቱ ወይዘሮ ስመኝ ዶሮዋን ተቀብላ፣ ክንፏን ገለጥ አድርጋ አየችና፣ «ይቺ ደግሞ የማን ምክር ናት?» አለችው።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ በፍርድ ቤቱ በር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ከጥር ወር ጀምሮ በኮምፒዩተር ያልተጻፈ ማመልከቻ መዝገብ ቤቱ አይቀበልም ይላል። ጋሽ አየልኝ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ አነበበው። ሦስተኛው ላይ የፊደል ግድፈት አገኘበትና ትንሽ ቀለል አለው። ግን ግድፈት ኖረበትም አልኖረበትም ትእዛዝ ትእዛዝ ነው። ሁለት ወር ማሠልጠኛ ገብቶ፣ ከልጆቹ እኩዮች ጋር አንድ ወንበር ተጋርቶ፣ ፊደል ለቀማውን ተማረ። ጣቱ የለመደው መቀጥቀጥ ስለሆነ አሠልጣኟ «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ፤ ኮምፒዩተሩ ይሰማዎታል እኮ» ትለው ነበር።

ትምህርቱ አለቀና ጥያቄው መጣ። ኮምፒዩተር ይግዛ፤ ግን የትኛውን? ዴስክቶፑን ወይስ ላፕቶፑን?

መጀመሪያ የጠየቀው ሚስቱን ነው። ወይዘሮ ስመኝ ሽንኩርት እየላጠች ነበር።

«አንተ የምትሠራበት ዳስ ሶኬት አለው?» አለችው።

«የለውም።»

«ማታ ማታስ የሚቆለፍ በር አለው?»

«ዳስ ምን በር አለው፣ ስመኝ?»

«እንግዲህ» አለችና ሽንኩርቷን ቀጠለች።

ጋሽ አየልኝ ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ሌላ የምትለው የለም። እሱ ምክር የሚለው ረጅሙን ነው፤ ይሄኛው ምክር አልመሰለውም። ስለዚህ ከፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የእናኑ ሻይ ቤት ሄደ።

እዚያ ሁለት ሰዎች አገኘ። አንዱ ፀጉር አስተካካዩ መኳንንት ነው። ሁለተኛው ጡረታ የወጡት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር አቶ የሺዋስ ናቸው። አቶ የሺዋስ ወንበር ይዘው ከተቀመጡ ስለማንኛውም ነገር ያውቃሉ፤ ስለ ንብ እርባታ፣ ስለ ኩላሊት፣ ስለ ጨረቃ። ድምፃቸው የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ነው፤ ሲናገሩ ሰው ሳያውቀው ይቆማል።

«ላፕቶፕ ግዛ፣ ጋሽ አየልኝ» አለ መኳንንት። «ጭንህ ላይ አስቀምጠህ ትጽፋለህ፤ ሲመሽ አጥፈህ ትሄዳለህ።»

አቶ የሺዋስ የሻይ ብርጭቋቸውን ቀስ አድርገው አስቀመጡ። «ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው። የሥራ መሣሪያ ጭን ላይ ተቀምጦ አይተህ ታውቃለህ?»

መኳንንት «አይ፣ ጋሼ…» ከማለቱ፣ «ቆይ አስጨርሰኝ። ላፕቶፕ ተሰረቀ ሲባል ሰምተሃል?» አሉት።

«ሰምቻለሁ።»

«ዴስክቶፕ ተሰረቀ ሲባልስ?»

መኳንንት አሰበ፤ አልሰማም። አቶ የሺዋስ ወደ ጋሽ አየልኝ ዞሩ። «አየህ! ሌባ እንኳ የሚከብደውን ያከብራል። ባለጉዳይ ደግሞ ከሌባ አይለይም፤ ትልቅ ዕቃ ሲያይ ነው የሚያከብርህ። ዳኛ ያን ካባ የሚለብሰው በርዶት ይመስልሃል? ኮምፒዩተር ማለት ዴስክቶፕ ነው፣ አየልኝ። ያኛው ደብተር ነው።»

ጋሽ አየልኝ ይሄኛው ምክር መሰለው። ርዝመትም፣ ድምፅም፣ ምሳሌም አለው።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ባሕር ዳር ሄደና ወደ አንድ የኮምፒዩተር መደብር ገባ። ሻጯ ሴትዮ ቁጥብ ናት። «ምን ሥራ ነው የሚሠሩበት? የት ቦታ ሆነው?» ስትል ጠየቀችው። ነገራት። ከመደርደሪያው አንድ ላፕቶፕ አውርዳ ከፈተችለት። «እንግዲያው ይሄ ይሻልዎታል። መብራት ቢጠፋም ሦስት ሰዓት ያህል ይሠራል፤ ሲጨርሱ ይዘውት ይገባሉ።»

ጋሽ አየልኝ ላፕቶፑን በእጁ መዘነው። ቀለለው። ልቡ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ወደደው። ቁልፎቹን ዳሰስ ዳሰስ አደረጋቸው። አፉ ግን የራሱ አልነበረም።

«ጭን ላይ የሚቀመጥ ልጅ ነው» አላት።

ሴትዮዋ አልገባትም። «ምን አሉኝ?»

«ዴስክቶፑን ስጪኝ። ትልቁን።»

ሴትዮዋ ትከሻዋን ሰበቀችና ትልቁን ሰጠችው። መቼም ዴስክቶፕ ብቻውን አይሄድም፤ ስክሪኑ አለ፣ ዋናው ሣጥን አለ፣ ኪቦርድና ማውሱ አለ፣ መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው፣ እንደ ወፍጮ ድንጋይ የሚከብደው ዩፒኤስ አለ። ማተሚያውንም ጨመረበት። አውቶቡስ ጣራ ላይ አስጭኖ ሾላ በር ሲገባ፣ አቶ የሺዋስ መናኸሪያው ድረስ መጥተው ካርቶኖቹን በከዘራቸው እየነካኩ ቆጠሯቸው። «አምስት! እንዲህ ነው ኮምፒዩተር» አሉ።

ወይዘሮ ስመኝ ደጃፏ ላይ ቆማ አምስቱ ካርቶን ሲገባ አየች። ገብታ የእህል ጆንያውን ገፋ አድርጋ ቦታ ለቀቀችላቸው። ጋሽ አየልኝ ቁጣ ቢሆን ይሻለው ነበር።

ከማግስቱ ጀምሮ የሆነው እንዲህ ነው። ዳሱ ውስጥ ሶኬት ስለሌለ እናኑ ከሻይ ቤቷ ጥግ አንዲት ጠረጴዛና አንድ ሶኬት ፈቀደችለት። ግን ሻይ ቤቱ የቆርቆሮ በር ነው፤ ሌሊት ለዚያ ዕቃ አላምነውም አለች። እናም ጋሽ አየልኝ በየጠዋቱ አምስቱን ዕቃ በሦስት ምልልስ ከቤቱ ያመጣል፣ ይቀጣጥላል፤ በየማታው ይነቃቅላል፣ በሦስት ምልልስ ይመልሳል። በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ወገቡ የት እንዳለ በትክክል አወቀ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ እሱ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ፣ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ከሌላ ወረዳ የመጣ የእርሻ ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ፣ መብራት መጥፋቱንም ሳያውቅ ሲጽፍ ቆየና አጥፎ ሄደ። ጋሽ አየልኝ ከኋላው አየው። አቶ የሺዋስም አዩት፤ «ዓይኑን ያጠፋዋል» አሉ።

ሦስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ወይዘሮ ጥሩአየሁ መጡ። ከደጋው ሲነጋ ተነሥተው፣ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ወንዝ ተሻግረው ነው የመጡት። ባላቸው ከሞቱ ገና ዓመት አልሞላቸውም። የባላቸው ወንድም እሳቸውና ባላቸው አብረው የተከሉትን የባሕር ዛፍ መሬት የኔ ነው ብሎ ከሷቸዋል። መልሳቸውን በጽሑፍ የሚያቀርቡበት የመጨረሻው ቀን ያ ሐሙስ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ደግሞ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝግ ስለሆነ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ካልገባ መልስ የመስጠት መብታቸው ይታለፋል።

«ታለፈ ማለት ምን ማለት ነው፣ አቶ አየልኝ?» አሉት።

«እሱ ይናገራል፣ እርስዎ አይናገሩም ማለት ነው።»

«ባሌም በሕይወት ሳለ እንዲሁ ነበር» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ። «አሁንማ ልናገር።»

ተናገሩም። ዛፉ መቼ እንደተተከለ፣ ችግኙን ማን በጀርባው እንዳመጣ፣ አማቻቸው በዚያ ክረምት የት እንደነበረ፣ አንድ ሳይቀር ተናገሩ። ጋሽ አየልኝ ጻፈ። እንዲህ ያለ ጽሑፍ ከጻፈ ቆይቷል። ሁለተኛውን ገጽ ጨርሶ «ስለዚህ ክቡር ፍርድ ቤቱ» የሚለው ላይ ሲደርስ፣ የእናኑ ሬዲዮ ጸጥ አለ። መብራት ጠፋ።

ወዲያው ዩፒኤሱ ከጠረጴዛው ሥር ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ማለት ጀመረ። ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ብድግ አለ። አንዱ ገበሬ ዱላውን ይዞ ወደ በሩ አፈገፈገ። ጋሽ አየልኝ አሠልጣኟ ያለችውን አስታወሰ፤ ይሄ ሲጮህ የጻፉትን ቶሎ ማስቀመጥ፣ ከዚያ መዝጋት። እጁን ወደ ማውሱ ሰደደ።

«አትንካው!» የሚል የሰልፍ ሜዳ ድምፅ ከኋላው መጣ። አቶ የሺዋስ ናቸው። «ሲጮህ አይነካም። ራሱን እያስተካከለ ነው።»

የጋሽ አየልኝ እጅ አየር ላይ ቀረ። ጢጥታው ፈጠነ፤ ከዚያ አንድ ረጅም ጩኸት ጮኸና ጭጭ አለ። ስክሪኑ ጠቆረ። በጥቁሩ መስታወት ውስጥ ጋሽ አየልኝ የራሱን ፊት አየ፤ አፉ ተከፍቷል።

«አስተካከለ?» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ።

ጋሽ አየልኝ ቁልፉን ደጋግሞ ተጫነው።

«ቃሌስ? የት ሄደ?»

«ጠፋ፣ እመት።»

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ነጠላቸውን አጠበቁና፣ «እኔ አፌ አልጠፋም፤ ደግሜ እናገራለሁ። መብራት ያለበት ውሰደኝ» አሉ። እርስዎ ማለቱን በዚያች ቅጽበት ተዉት፤ ጋሽ አየልኝም አልታዘባቸውም።

ፎቶኮፒ ቤቱ መብራት ሲጠፋ ቀድሞ ነው በሩን የሚዘጋው። በከተማው ጄኔሬተር ያለው ወፍጮ ቤቱ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ከገበያው ማዶ፣ ከዳገቱ በላይ ነው። ሰዓቱ አምስት ተኩል ሊሆን ነው። ጋሽ አየልኝ ሣጥኑን ቀኝ ትከሻው ላይ ጫነ፤ ዩፒኤሱን በግራ ብብቱ ወሸቀ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ስክሪኑን በነጠላቸው እንደ ሕፃን አዘሉት። እናኑ ሻይ ቤቷን ጥላ ማተሚያውን ራሷ ላይ አደረገች። ኪቦርዱን ዱላ የያዘው ገበሬ ተሸከመው፤ ገመዱ ከኋላው እየተጎተተ።

«አቶ የሺዋስ፣ እባክዎ ያችን ማውስ…» አለ ጋሽ አየልኝ።

«ወገቤን እኮ ታውቃለህ» አሉ አቶ የሺዋስ። «ግን ከኋላ ሆኜ እመራችኋለሁ።»

መሩም። «ቀኝ ያዝ! ድንጋይ አለ! እናኑ፣ አንገትሽን ቀጥ!» እያሉ ከዘራቸውን እየነቀነቁ ተከተሉ። ማውሷን ጋሽ አየልኝ በጥርሱ ገመዷን ነክሶ ያዛት። ገበያው ሁለት ተከፍሎ አሳለፋቸው። ገመድ ሻጩ አያ ባዘዘው ከተዘረጋው ጠፍራቸው ላይ ቀና ብለው፣ «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው? ማን ሞተ?» አሉ።

«መብራት!» አለ ጋሽ አየልኝ በተነከሰ አፉ።

ወፍጮ ቤቱ ሲገቡ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። ባለወፍጮው ከፊቱ የቆመውን ነገር አይቶ፣ «ይሄ አይፈጭም» አለ። ነገሩ ሲነገረው ግን ደግ ሰው ነበርና ከጄኔሬተሩ ሽቦ ሳበለት። ጆንያ ተገልብጦ ጠረጴዛ ሆነ። ወፍጮው እየተጓራ፣ ዱቄቱ እየተነነ፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ግን ጩኸቱ አያሰማም።

«ችግኙን ያመጣሁት እኔ ነኝ!» ብለው ጮኹ።

«ማን?» አለ ጋሽ አየልኝ።

«እሷ!» አሉ ሃያው ሴቶች በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ወዲያ መልሱን የጻፈው ወፍጮ ቤቱ ሁሉ ነው ማለት ይቻላል። አንዷ «በጀርባዋ በል እንጂ!» ትላለች፤ ሌላዋ «እሱ ያን ክረምት ጠላ ቤት ነበር፤ እኔ አውቃለሁ፤ ጻፈው» ትላለች። ጋሽ አየልኝ የሚረባውን ይጽፋል፣ የማይረባውን ይተዋል። በየመስመሩ እየቆመ ያስቀምጣል። አቶ የሺዋስ ከበሩ ላይ «ፊደሉን አሳድገው!» ሲሉ ሰማቸው፤ አላሳደገውም። ቅንድቡ ነጭ፣ ጢሙ ነጭ ሆኖ፣ ያን ያህል ፈጥኖና ያን ያህል አሳምሮ የጻፈበትን ቀን አያስታውስም። ሁለተኛው ወረቀት ከማተሚያው ሲወጣ ስድስት ከሩብ ሆኗል።

ወይዘሮ ጥሩአየሁ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ቁልቁል ሮጡ። ጋሽ አየልኝ ከኋላቸው ሮጠ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ቁልፏን ይዛ ብድግ ብላለች። ወረቀቱን ተቀብላ ስትከፍተው ዱቄት ጠረጴዛዋ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጤፍ ነው» አሉ ወይዘሮ ጥሩአየሁ እያለከለኩ። «ማኛ ነው።»

ሴትዮዋ ሰዓቷን አየች፤ ሁለቱን ነጭ ሰዎች አየች፤ ዱቄቱን እፍ አለችና ማኅተሙን መታች። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ያን የማኅተም ድምፅ ሲሰሙ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። «በል እንግዲህ» አሉ፣ «እኔም ልናገር ነው።»

ጋሽ አየልኝ ደስታው ገና ሳይወጣለት ዕቃው ወፍጮ ቤት መሆኑ ትዝ አለው። ባለወፍጮው ቦታውን ይፈልጋል። መብራቱም አልመጣም፤ እናኑም ወደ ሻይ ቤቷ፣ ገበሬውም ወደ ጉዳዩ ተመልሰዋል። ዳገቱን ብቻውን ወጣ። ሣጥኑንና ዩፒኤሱን በአንድ ገመድ አስሮ ጀርባው ላይ ጫነ፤ ስክሪኑን ከፊት አቀፈ፤ የቀረውን ለሌላ ምልልስ ተወው። ቁልቁሉን በየአሥር እርምጃው እየቆመ ወረደ። ገበያው መሐል ሲደርስ ወይዘሮ ስመኝ ወሬውን ሰምታ እየመጣች አገኘችው። ስክሪኑን ከእቅፉ ተቀበለችው።

ከወፍጮ ቤቱ በር የተከተሉት አቶ የሺዋስ ከጎኑ ሆነው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይራመዳሉ። ዱቄት አልነካቸውም። ሲያስቡ ቆይተው ነበርና፣ «አየልኝ፣ ነገሩ አሁን ገባኝ። ያንተ ችግር ኮምፒዩተሩ አይደለም። የሚያስፈልግህ ጄኔሬተር ነው። ትልቁ» አሉ።

ጋሽ አየልኝ ቆመ። በሌላ ቀን ቢሆን «ስንት ኪሎ ዋት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ያን ቀን ግን ሚስቱን ነው ያየው፤ ከዚያ የራሱን ጉልበት።

«ቅዳሜ ባሕር ዳር እሄዳለሁ» አለ። «ያቺ ሻጭ ሴትዮ ከተስማማችልኝ በላፕቶፑ ለውጬው እመጣለሁ፤ ካልተስማማች እሸጠዋለሁ።»

«ቆይ፣ መጀመሪያ እንመካከር እንጂ» አሉ አቶ የሺዋስ።

«ተመካከርኩ» አለ ጋሽ አየልኝ። ወይዘሮ ስመኝ ከትዳራቸው ወዲህ ይህን ቃል ከአፉ ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው፤ ስክሪኑን ልትጥለው ነበር።

አያ ባዘዘው ይህን ሁሉ ከጠፍራቸው አጠገብ ሆነው ሲያዩ ቆይተዋል። ሲወጣም አይተውታል፤ ሲወርድም። ገበያተኛውም ነገር ሸቶት ዙሪያውን ቆሟል።

«አየልኝ፣ ልጠይቅህ» አሉ። «ያን ዕቃ ግዛ ያለህ ማነው?»

ጋሽ አየልኝ ጀርባው ጎብጦ፣ ነጭ ቅንድቡን ወደ አቶ የሺዋስ አነሣ። «እሳቸው ናቸው።»

«ታዲያ እሳቸው ምኑን ተሸከሙ?»

«ወገባቸውን ያማቸዋል።»

አያ ባዘዘው አቶ የሺዋስን ከእግር እስከ ራስ አዩአቸው፤ ጋሽ አየልኝንም አዩት፤ ከዚያ ወደ ጠፍራቸው ጎንበስ እያሉ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ «አይ እንግዲህ፣ በሰው አፍ የገዛ፣ በገዛ ጫንቃው ይሸከማል» አሉ።